ምላስ ያላወቀውን ብርሃን ሲለካው

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቅርብ ዘመዴ በቃሊቲ ማረሚያ ቤት በነበረበት ጊዜ፣ እንደ ሌላው ቤተሰብ ሁሉ ተራዬን ጠብቄ ስንቅ አደርስ ነበር። ስንቅ ያመላለሰ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ከበሩ ሲደረስ የምሳ ዕቃው ይከፈትና ምግቡን ያመጣው ሰው ራሱ ጥቂት እንዲቀምስ ይጠየቃል። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው። በምግቡ ውስጥ ታራሚውን የሚጎዳ ነገር ቢኖር ያመጣው ሰው ደፍሮ ወደ አፉ አያስገባውም ተብሎ ነው።

አንድ ቀን ከፊቴ የተሰለፉ አንዲት እናት በፌስታል በጠቀለሉት ሳህን ሽሮ ወጥ ይዘው ነበር። ተራ እስኪደርስ ጨዋታ ተጀመረና ከአጠገባቸው የቆመች ወጣት ሴት ሽሮውን ራሳቸው አዘጋጅተውት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። የተፈጨ ከገበያ መግዛታቸውን ሲነግሯት ፊቷ ተለወጠ።

«እማማ፣ ጓያ የተቀላቀለበት እንዳይሆን?» አለቻቸው።

«ኧረ ልጄ! አሁን በር ላይ እቀምሰው የለ? መጥፎ ቢሆን ምላሴ ይነግረኛል» አሉ።

«ጓያን ምላስ አያውቀውም እማማ። የሚያውቀው እግር ነው፤ እሱም ወራት ቆይቶ ነው» አለች። አገሯ ደላንታ መሆኑን፣ የአጎቷ ልጅ በልጅነቱ ጓያ ሰብሮት እስከ ዛሬ በምርኩዝ እንደሚሄድ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረቻቸው። እናትየዋ ሳህናቸውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ዝም አሉ።

እኔም የዚያን ቀን ስንቁን አድርሼ ስመለስ ነገሩ ከልቤ አልወጣም። ምላስ ያላወቀውን፣ ዓይንም ያላየውን፣ አፍንጫም ያላሸተተውን ነገር ታዲያ ማን ያውቀዋል? መልሱን ስፈልግ የቆየሁበት መንገድ ወደ አንድ ያልጠበቅሁት ቦታ አደረሰኝ። መልሱ ብርሃን ነው። ብርሃን በአንዲት ትንሽ ብርጭቆ ፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህሉ እንደተዋጠ በመለካት፣ ምላስ የማይደርስበትን መርዝ ማወቅ ተችሏል። ታሪኩ ግን ረጅም ነው፤ ከእኛም አገር ጋር በጥብቅ የተሳሰረ ነው።

ጓያና ድርቅ

ጓያ በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎ፣ በሸዋና በትግራይ በስፋት የሚዘራ ጥራጥሬ ነው። ፍሬው ጠፍጠፍ ያለና ማዕዘን ያለው ሲሆን የክረምቱ ዝናብ ካበቃ በኋላ በጥቁር አፈር ውስጥ በቀረችው እርጥበት ብቻ ይበቅላል። ብዙ ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ ውሃ ቢተኛበት ይችላል፤ ዝናብ ቢጠፋም ይችላል። ገለባው ለከብት ይሆናል። በገንቢ ምግብነቱም ከሌሎች ጥራጥሬዎች የሚያንስ አይደለም።

እንግዲህ የጓያ ችግር የሚመጣው ከዚሁ ከደግነቱ ነው። ድርቅ በሆነ ጊዜ ጤፉ ይጠፋል፣ ገብሱ ይጠፋል፣ ባቄላው ይጠፋል፤ ጓያው ግን ይቀራል። በደህና ጊዜ ከሌላ እህል ጋር ጥቂት ሆኖ ይበላ የነበረው ጓያ፣ በክፉ ጊዜ ለድሃው ገበሬ ቁርስም ምሳም ራትም ይሆናል። እንዲህ ሆኖ ሁለት ሦስት ወር ወይም ከዚያ በላይ ሲቀጥል፣ አንድ ጠዋት ትናንት እርሻ የዋለው ጎረምሳ ከመኝታው ሲነሳ እግሮቹ አልታዘዝ ይሉታል።

ሐኪሞች የጉዳቱን ደረጃ የሚለዩት በምርኩዝ ብዛት ነው። አንዱ እያነከሰም ቢሆን ያለ ምርኩዝ ይሄዳል፤ ሌላው አንድ ምርኩዝ ይይዛል፤ ሌላው ሁለት፤ የመጨረሻው በእጁ መሬት እየተደገፈ ይድሃል። አእምሮው እንደ ድሮው ነው፤ አንደበቱም እንደ ድሮው ነው። በሽታው አይገድለውም፤ ግን የተሰበረው እግር ተመልሶ አይድንም። አብዛኞቹ ተጎጂዎች ደግሞ ወጣት ወንዶች ናቸው። ቤቱ የሚጠብቀው አራሽ፣ ጠባቂ ፈላጊ ይሆናል ማለት ነው።

ሕዝባችን «ጓያ ሰበረው» ሲል እህሉን ተጠያቂ ማድረጉ ትክክል ነበር። ነገር ግን በየመንደሩ ጉዳቱ የሚመጣው ጓያው ሲቀቀል ከሚወጣው እንፋሎት ነው፣ ወይም የጓያ ማሳ አቋርጦ ከመሄድ ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ስለዚህ ከእንፋሎቱ እየሸሹ እህሉን ይበሉ ነበር። ይህን ስንሰማ አንፍረድባቸው። ዛሬ የበላው ከሦስት ወር በኋላ የሚጎዳውን ሰው፣ የትኛው ጉርሻ እንደጎዳው በምን ያውቃል?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ ሆኖም አያውቅም። በጀርመን የቩርተምበርግ መስፍን እ.ኤ.አ. በ1671 የጓያ ዱቄት በዳቦ ውስጥ እንዳይገባ በአዋጅ ከልክሎ ነበር። በስፔን ዋና ከተማ በማድሪድ እ.ኤ.አ. በ1811 እና 1812 በጦርነት ምክንያት ረሃብ በገባ ጊዜ ሕዝቡ የጓያ ገንፎ እየበላ ነፍሱን አቆየ። ስሙ ከእህላችን ስም ጋር የሚቀራረበው ታዋቂው ሠዓሊ ፍራንሲስኮ ጎያ ያንን ገንፎ የከበቡ ረሃብተኞችን ሥሏል፤ ከመካከላቸውም አንዲት ሴት መሬት ላይ ተዘርግታ ትታያለች። በጣሊያን ሐኪሙ ካንታኒ እ.ኤ.አ. በ1873 በሽታውን ከተክሉ ሳይንሳዊ ስም ተነስቶ «ላቲሪዝም» አለው። የሕንድ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1961 የጓያን ሽያጭ የሚከለክል ሕግ አውጥቷል። ሆኖም የተራበ ሰው አዋጅ አያነብም፤ ጓያውም ከማሳው አልጠፋም።

በሌላ እስር ቤት የሆነው

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ በቃሊቲ በር ከሰማሁት ጨዋታ ጋር ተያይዞ ልቤን የነካው አንዱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ዛሬ በዩክሬን ግዛት ውስጥ በምትገኘው ቫፕኒያርካ፣ የሮማንያ ጦር የሚያስተዳድረው የእስረኞች ሰፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ከአንድ ሺህ በላይ አይሁዳውያን እዚያ ታጉረው ነበር። ለእያንዳንዱ እስረኛ በቀን ወደ 400 ግራም የሚጠጋ ጓያ ከጥቂት ዳቦ ጋር ይሰጥ ነበር። ሌላ ምግብ አልነበረም።

ከጥቂት ወራት በኋላ የእስረኞቹ እግር ይንቀጠቀጥና ይደርቅ ጀመር። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተሰበሩ። ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ሐኪም አርተር ኬስለር የበሽታውን ምልክት አይቶ ምክንያቱ ጓያው መሆኑን ለየ። ምንም መሣሪያ አልነበረውም። የነበረው ዓይኑ፣ የሕክምና ትምህርቱና በዙሪያው የወደቁት ወንድሞቹ ነበሩ።

ልብ እንበል! እነዚህ ሰዎች ጓያውን የበሉት ሳያማርጡ ነው። ማማረጥ የሚችል ሰው ትንሽ ከዚህ ትንሽ ከዚያ እየበላ ይድናል። እስረኛና በድርቅ የተራበ ሰው ግን በዚህ ነገር አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የቀረበላቸውን ይበላሉ። ስለዚህ የሚቀርብላቸው ነገር ምን እንደሆነ የማወቅ ግዴታ በሚያቀርበው ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። ይህ አማና ነው። በበር ላይ ያቺ እናት የቀመሱትም ለዚሁ አማና ሲሉ ነው። ነገር ግን ምላስ በማይበቃበት ቦታ አማናን በምን እንወጣዋለን?

ብርሃንን መመርመር

ወደ ብርሃን ታሪክ ስንገባ በመጀመሪያ የምናገኘው ታላቁን ሙስሊም ሊቅ አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብኑል ሀይሠምን ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ965 ገደማ በበስራ ሲሆን ብዙ ዕድሜውን ያሳለፈው በካይሮ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያወሱት የግብጹ ገዢ አል-ሐኪም የዓባይን ውሃ እንዲያስተካክል አዘዘው፤ ሥራው የማይቻል መሆኑን ባየ ጊዜ ቁጣውን ፈርቶ ያበደ መሰለ፤ ገዢው እ.ኤ.አ. በ1021 እስኪሞት ድረስም በቤቱ ተዘግቶበት ቆየ። እርሱም የመታሰር ታሪክ አለው ማለት ነው።

ይህ ሊቅ ኪታቡል መናዚር በተባለው ሰባት ክፍል ባለው ሥራው፣ ዓይን የሚያየው ከራሱ ጨረር አውጥቶ ሳይሆን ከነገሮች የሚመጣ ብርሃን ወደ እርሱ ሲገባ መሆኑን አስረዳ። ትልቁ ውለታው ግን መንገዱ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ በትንሽ ቀዳዳ ብርሃን እያስገባ፣ መብራት እያቀረበና እያራቀ፣ የሰማውን በሙከራ ሳያረጋግጥ አልተቀበለም። መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1572 በባዝል ከተማ ታተመና የአውሮፓ ሊቃውንት ተማሩበት። ኢብኑል ሀይሠም በፈሳሽ ውስጥ የተዋጠ ብርሃንን አልለካም፤ ያልሠራውን ሠራ ብንል በእርሱ ላይ መዋሸት ይሆንብናል። ብርሃን በግምት ሳይሆን በሙከራ እንደሚጠና ግን አስተምሯል።

ቀጣዩን እርምጃ በመድረሳ ለማስተምራቸው ልጆች የማስረዳው በሻይ ነው። ቀጭን ብርጭቆ ውስጥ ቀይ ሻይ ቀድታችሁ በመስኮት በኩል እዩት፤ ብርሃኑ ያልፋል። ከኋላው ሌላ ተመሳሳይ ብርጭቆ ደርቡበት፤ ይጠቁራል። ሦስተኛ ስትደርቡ ይበልጥ ይጠቁራል። አሁን የመጀመሪያው ብርጭቆ ከብርሃኑ ግማሹን ዋጠ እንበል። ሁለተኛው የሚውጠው የቀረውን ሁሉ ሳይሆን የቀረውን ግማሽ ነው፤ ስለዚህ ሩብ ይተርፋል። ሦስተኛው የሩቡን ግማሽ ይውጥና ስምንተኛ እጅ ይተርፋል። አንድ ጊዜ አንዱ ልጅ «ኡስታዝ፣ እንዲህ ከሆነ ብርሃኑ መቼም ጨርሶ አያልቅማ!» አለኝ። ልክ ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ የተረፈውን ብርሃን አይተው ብርሃኑ ስንት ጊዜ እንደተቆረሰ ይቆጥራሉ። አንዱ ብርጭቆ አንድ፣ ሁለቱ ሁለት፣ ሦስቱ ሦስት። ጥቁረቱ ወደ ቁጥር ተለወጠ ማለት ነው።

ይህን ሥርዓት ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌ እ.ኤ.አ. በ1729 አስተዋለው፤ ዮሐን ሃይንሪሽ ላምበርት እ.ኤ.አ. በ1760 በሒሳብ አደላደለው። ጀርመናዊው አውጉስት ቢር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1852 አንድ ትልቅ ነገር ጨመረበት። ሁለት ብርጭቆ ከመደርደር ይልቅ በአንዱ ብርጭቆ ውስጥ የሻዩን ውፍረት እጥፍ ብናደርገው የሚዋጠው ብርሃን ያው ነው። ስለዚህ የተዋጠውን ብርሃን የለካ ሰው በፈሳሹ ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን ያውቃል! ይህ ሕግ ዛሬ በሁለቱ ሊቃውንት ስም የቢርና የላምበርት ሕግ እየተባለ በየቤተ ሙከራው ይሠራበታል። ፈሳሹ ከልክ በላይ ሲወፍር ግን ሕጉ ይዛባል፤ ስለዚህ ባለሙያው አቅጥኖ ይለካል።

መጀመሪያ ላይ የሚለካው ዓይን ነበር። ባለሙያው መጠኑ የታወቀውንና ያልታወቀውን ፈሳሽ ጎን ለጎን አድርጎ ቀለማቸውን ያመሳስል ነበር። ዓይን ግን ይደክማል፤ የአንዱም ዓይን ከሌላው ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1941 በአሜሪካ የአርኖልድ ቤክማን ድርጅት ስፔክትሮፎቶሜትር የተባለውን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። መሣሪያው ነጩን ብርሃን በየቀለሙ ይከፋፍልና ከመካከላቸው የተፈለገውን አንድ ቀለም ብቻ በፈሳሹ ውስጥ ያሳልፋል፤ ከወዲያ ማዶ የወጣውንም በኤሌክትሪክ ይለካል። ቀድሞ ብዙ ሰዓት ይፈጅ የነበረው ምርመራ በደቂቃዎች ያልቅ ጀመር። ከመጀመሪያ አገልግሎቶቹም አንዱ በምግብ ውስጥ ያለውን ቫይታሚን መለካት ነበር።

እንግዲህ መሣሪያው ከተሠራ በዓመቱ ነው የቫፕኒያርካ እስረኞች የተሰበሩት። ለምን አልደረሰላቸውም? ጦርነቱ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ግን ብርሃን የሚፈለገው ነገር ምን እንደሆነ ካልተነገረው የማይፈልግ መሆኑ ነው። በጓያ ውስጥ ያለው መርዝ ያኔ ገና ስም አልነበረውም።

ቢጫው ቀለም

ስሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ራኦ፣ አዲጋና ሳርማ የተባሉ የሕንድ ተመራማሪዎች፣ እንዲሁም በዚያው ዘመን ሌሎች የአገራቸው ሰዎች፣ ከጓያ ፍሬ ውስጥ አንድ ውሁድ ለዩ። በአጭሩ ኦዳፕ ይባላል። በሰውነታችን ውስጥ ነርቭ ከነርቭ ጋር መልእክት ከሚለዋወጥበት ግሉታሜት ከተባለው ነገር ጋር በጣም ይመሳሰላል። ነርቮቹ ይህን አስመሳይ እውነተኛው መልእክት እየመሰላቸው ያለ ዕረፍት ይነቃነቃሉ፤ በመጨረሻም ይጎዳሉ ተብሎ ይታመናል።

ኦዳፕ ግን ቀለም የለውም። በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ውሃው ንጹሕ ውሃ መስሎ ይቀራል፤ በዓይን በሚታየው ብርሃንም ሊለካ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1978 ራኦ መላ አመጣ። መላው በቀላል ቋንቋ እንዲህ ነው። የጓያው ዱቄት በአልኮልና በውሃ ይዘፈዘፍና መርዙ ወደ ፈሳሹ ይወጣል። ፈሳሹ ከጠንካራ አልካሊ ጋር በሚፈላ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጥና ኦዳፑ ይፈርሳል። ከፍርስራሹ የሚገኘው አንዱ ክፍል ኦርቶ ፍታላልዲሃይድ ከተባለ ኬሚካል ጋር ሲገናኝ ቢጫ ይሆናል። መርዙ ብዙ ከሆነ ቢጫው ይደምቃል፤ ጥቂት ከሆነ ይፈዛል።

አሁን ስፔክትሮፎቶሜትሩ ይመጣል። ቢጫ ፈሳሽ ቢጫ ሆኖ የሚታየን ወይን ጠጁንና ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ ነው። ስለዚህ ባለሙያው መሣሪያውን በ420 ናኖሜትር ላይ፣ ማለትም በወይን ጠጁ ብርሃን ላይ አስተካክሎ ስንቱ እንደተዋጠ ያነባል። መጠኑ ከሚታወቅ ኦዳፕ ጋርም ያስተያየዋል። ከአንዲት ትንሽ ብርጭቆ የሚወጣው ቁጥር «ይህ ዘር ይህን ያህል መርዝ አለበት» ብሎ ይመሰክራል። ምላስ ያላወቀው፣ እግርም ከወራት በኋላ የሚያውቀው ነገር በአንድ ቀን ታወቀ!

ደምቢያ፣ ፎገራና ደላንታ

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1976 እና 1977 በጣና ዙሪያ ባለው በደምቢያ የጓያ ወረርሽኝ ተነስቶ የሕክምና ባለሙያዎች ዘግበውታል። ከዚያ በኋላ ይህን ጉዳይ የዕድሜ ልክ ሥራቸው ያደረጉት የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው። በደምቢያና በፎገራ ከባልደረቦቻቸው ጋር ቤት ለቤት እየዞሩ የተሰበሩትን ቆጠሩ፣ ምን እንደበሉ ጠየቁ፣ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1990 ለዓለም አሳተሙ። በቤልጂግ የጌንት ዩኒቨርሲቲው ፈርናንድ ላምባይን አብሯቸው ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 በአዲስ አበባ ስለ ጓያ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሂዶ ሐኪሙ፣ የኬሚስትሪ ባለሙያውና የግብርና ተመራማሪው በአንድ አዳራሽ ተቀመጡ።

የሚያሳዝነው፣ በዚያው ጊዜ ድርቅ በወሎ ደጋ ገብቶ ነበር። ያኔ ደላንታ ዳውንት ይባል በነበረው ወረዳ ከ1995 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ከባድ የጓያ ወረርሽኝ ተነሳ። በቃሊቲ በር ያገኘኋት ወጣት የነገረችን የአጎቷ ልጅ ከእነዚያ አንዱ ነው። በዚያ ወረርሽኝ ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ጥናት ለየቤታችን የሚሆን ትምህርት ይዟል። ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት መልክ መብላት የመሰበርን አደጋ ይጨምራል። በእንጀራ፣ በቂጣና በሽሮ ወጥ መልክ ሲበላ ግን እንዲህ ያለ ግንኙነት አልታየም። ከሌላ እህል ጋር ሲቀላቀልና ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ካሉበት ወጥ ጋር ሲበላም አደጋው ይቀንሳል። ጓያ ሰውነታችን ከሚፈልጋቸው ገንቢ ነገሮች አንዳንዶቹ ይጎድሉታል፤ ጤፍ፣ ስንዴና ሌሎች የአገዳና የብርዕ እህሎች ያንን ጉድለት ይሞሉለታል። ስለዚህ አጥኚዎቹ በድርቅ ጊዜ የእህል እርዳታ ፈጥኖ ቢደርስና ከጓያው ጋር ቢቀላቀል ብዙ እግር እንደሚተርፍ አሳስበዋል።

የልኬቱ ወሰን

ብርሃኑ መርዙን ለካው፤ ታዲያ ነገሩ አለቀ? አላለቀም።

አንደኛ፣ የብርሃኑም ምስክርነት ወሰን አለው። ኦዳፕ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ጎጂ ነው፣ ሌላው ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ነው። ምግቡ በእሳት ሲበስል ከጎጂው የተወሰነው ወደ ሌላው ይለወጣል። የራኦ ቢጫ ቀለም ግን ሁለቱን አይለያቸውም። ስለዚህ የበሰለ ምግብ ሲመረመር ውህዶችን ለያይቶ የሚያሳይ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ጥሩ ምስክር የሚያውቀውን ይናገራል፤ ያላየውን ግን አይመሰክርም።

ሁለተኛ፣ ልኬቱ የመርዙ መጠን ከዘር ዘር እንደሚለያይ ስላሳየ ተመራማሪዎች መርዙ ጥቂት የሆነውን እየመረጡ ማዳቀል ጀመሩ። መቀመጫው ያኔ በሶርያ ሐለብ ከነበረው ኢካርዳ ከተባለው የምርምር ማዕከል ጋር በተደረገ ትብብር እ.ኤ.አ. በ2006 «ዋሴ» የተባለ መርዙ ያነሰ የጓያ ዝርያ በአገራችን ተለቀቀ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ጓያ በውሃ ጥም ሲጨነቅ መርዙን ያበዛል፤ የአፈሩ ዓይነትም ይለውጠዋል። በደህና ዓመት ጥቂት ሆኖ የተለካው በድርቅ ዓመት ሊበዛ ይችላል፤ ድርቁ ደግሞ ሰው ጓያን ብቻ የሚበላበት ዓመት ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ለክቶ መተው አይበቃም፤ በየማሳውና በየዓመቱ መለካት ይገባል።

ሦስተኛ፣ መርዙ በውሃ ስለሚሟሟ ጓያውን በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ብዙውን መርዝ ያስወግዳል። ግን ውሃ ከሩቅ በጀርባ በሚቀዳበት፣ ማገዶም በጠፋበት በድርቅ ቀበሌ ይህን ለአንዲት እናት መምከር ቀላል፣ መፈጸም ግን ከባድ ነው። ምክሩ ከውሃው ጋር ካልመጣ ግማሽ ምክር ነው።

አራተኛው የነጋዴው ጉዳይ ነው። ጓያ ከአተርና ከሽምብራ ይረክሳል፤ ተፈጭቶ ከሽሮ ዱቄት ጋር ሲቀላቀል በዓይን አይለይም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከላይ ደረቅ የመሰለው ከሥር እርጥብ ሆኖ እንዳገኙትና ነጋዴውን እንደገሠጹት ብዙዎቻችን ከልጅነታችን የሰማነው ነው። የክምሩን ላይ ብቻ አይተው አላለፉም፤ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። በዱቄት ዘመን ወደ ውስጥ የሚገባው እጅ ይኸው ብርሃን ነው። ጓያ የሸጠ ነጋዴ ጓያ ነው ብሎ ይሽጥ፤ ገዢው አውቆ ከሌላ እህል ጋር ይቀላቅለዋል። ስሙን ደብቆ የሸጠው ግን የገዢውን ምርጫ ወስዶበታል። ምርጫ የሌለው ሰው ደግሞ ምን እንደሚገጥመው በቫፕኒያርካ አይተናል።

ወደ በሩ ስንመለስ

ያን ቀን ተራቸው ሲደርስ እናትየዋ ሳህኑን ከፍተው ሽሮውን ቀመሱ። አለፈላቸውም። ወጣቷ ስታያቸው ቆየችና «አይዞዎት እማማ፣ እኔም እኮ ጓያ እሱን ብቻ ወር ከወር ለበላ ሰው ነው ያልኩት» አለቻቸው። እውነቷን ነበር። በእንጀራና በሽንኩርት የተበላ አንድ ሳህን ሽሮ ሰው አይሰብርም። እናትየዋም «ቢሆንም ልጄ፣ ከእንግዲህ አተሩን ራሴ ለቅሜ አስፈጫለሁ» አሏት።

ውድ አንባቢያን፣ ለቤታችን የሚሆነው ነገር ጥቂት ነው። ጓያ ባለበት ቤት ጓያ ብቻውን ገበታ አይያዝ፤ ቢያንስ ሲሶው ሌላ እህል ይሁን። ልጆች በክፉ ወራት በጓያ ቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት አይደለሉ። ውሃ በተገኘ ጊዜ ይዘፍዘፍ፤ የተዘፈዘፈበትም ይደፋ። በድርቅ ወራት በገጠር ያለ ዘመድ ምን እየበላ እንደሆነ እንጠይቅ፤ «ጓያ አለልን፣ አይዞህ» ቢለን ያ ማጽናኛ አለመሆኑን እንወቅ። ከከተማ የምንልክለት ጥቂት ስንዴ ወይም በቆሎ ከጓያው ጋር ተቀላቅሎ የአንድ ልጅ እግር ሊያተርፍ ይችላል።

ብርሃን ያወቀውን ነግሮናል። ደላንታ ላይ የሚድኸው ጎረምሳ ግን በዚያ ክፉ ዘመን ቁጥር አልጎደለውም፤ የጎደለው አንድ ቁና ሌላ እህል ነበር።